በጉሮሮው ስለቀረው ጎዝ

ውድ ጋሼ፣

በሹፌርዎ የላኩልኝን ወረቀት ሳልፈርምበት ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሼልዎታለሁ። «ይቺ ልጅ ጠገበች» እንደሚሉ አውቃለሁ። ይበሉ።

ወረቀቱ፣ ሰመመን ሰጪዋ በበሽተኛው ጉሮሮ ውስጥ ጎዝ መክተቷን ለማንም አልተናገረችም ይላል። ኧረ በፈጠረዎት! ቀዶ ጥገናው ላይ አብረን አልነበርንም እንዴ? ደም ወደ ሳንባው እንዳይወርድ ያንን ደም መጣጭ ጨርቅ፣ ጎዙን፣ ስትከት «ገባ!» ብላ ጮክ ብላ ተናግራለች። እኔም እንደ ደንባችን ግንባሩ ላይ ፕላስተር ለጠፍኩ። ፕላስተሩ የሚነሣው ጎዙ ሲወጣ ብቻ ነው። ይህን ያስተማሩኝ ማን ሆኑና!

የዚያን ቀን ግን እርስዎ መንጋጋውን ገና እየጠገኑ ሳለ ፕላስተሩን ላጥ አደረጉት። «ሰውየው ላይ እንደ ፖስታ ቴምብር የምትለጥፉት ምን ሆናችሁ ነው? ለእጄ አልመች አለኝ» አሉ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ጋሼ፣ እንደዚያ ሳቅ የሚያንገበግበኝ ነገር የለም። እርስዎን ላለማስቀየም ስሽቆጠቆጥ መጨረሻ ላይ ጎዞቹን መቁጠሩንም ረሳሁት።

እርስዎ ጓንትዎን አውልቀው ወጡ። ሰመመን ሰጪዋ ግንባሩን አየች፤ ባዶ ነው። ጎዙ ወጥቷል ብላ የመተንፈሻ ቱቦውን ሳበች። ሰውየው ጠቆረ። ደረቱ ይታገላል፣ አየር የለም። እኔ ክው ብዬ ስቀር እሷ መቆንጠጫ አንስታ ጎዙን ጎትታ አወጣችው። አሁን ልናስባርራት የተነሣነው እሷን ነው። አያሳፍርም?

ከጽዳት ሥራ አንስተው ትምህርት ቤት ያስገቡኝ እርስዎ ነዎት። ውለታዎን አልክድም፤ እስክሞት ጋሼ እያልኩ እጠራዎታለሁ። ለውለታ ብዬ ግን የሰው ጉሮሮ አልዘጋም። ሹፌርዎ «ካልፈረመች ሥራዋን ትርሳው ብለዋል» አለኝ። እሺ፣ እረሳዋለሁ! መወልወያ አያያዝ አልጠፋኝም።

ቃሌን ዛሬ ጠዋት ለነርሶች ኃላፊዋ ጽፌ ሰጥቻለሁ፤ የእኔ ጥፋት ከላይ፣ የእርስዎ ከሥር። ከዚያ ሰውየው ወደተኛበት ክፍል ሄድኩ። ሚስቱ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ በማንኪያ ውሃ ታጠጣዋለች። «ትንፋሽ ያጠረው ሳንባው ደካማ ስለሆነ ነው አሉኝ» አለችኝ።

«አይደለም እህቴ» አልኳት። ሁሉንም ነገርኳት፤ መሳቄንም ሳይቀር። ማንኪያውን አስቀመጠች።

«ሐኪሙ ይህን ያውቃል?»

«ያውቃል።»

ነገ ጠዋት ቢሮዎ ትመጣለች፣ ጋሼ። ወረቀቱን ለእሷ ያንብቡላት።

አክባሪዎ፣
ያስተማሯት ነርስ