የማይከፈተው የወንድሜ ስልክ

ቀን፦ ሐምሌ 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለኤግዚቢት ንብረት ጥበቃ ክፍል ኃላፊ

ጉዳዩ፦ በክፍልዎ በሚገኘው የሟች ወንድሜ ስልክ ላይ የሚደረገው የይለፍ ቁጥር ሙከራ እንዲቆምልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

1. እኔ አመልካች ከታላቅ ወንድሜ ጋር ለሕንፃ ተቋራጮች የጨረታ ሰነድ በማዘጋጀት እተዳደር ነበር። ባለፈው ዓመት ያሰናዳነው ዋጋ ፖስታው ሳይከፈት ተፎካካሪ ጆሮ ደረሰ። ማን እንዳሾለከው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ከዚያ ወዲህ አራቱ ሠራተኞቻችን በጎሪጥ ይተያዩ ጀመር።

2. በዚህ ምክንያት ለሥራ ብቻ የሚውሉ ስልኮች ገዛሁ። ያገለገለ አልፈለግኩም፤ ካርቶኑ ያልተነካ፣ አምራቹ ለዓመታት የደኅንነት ማሻሻያ የሚልክለትን መረጥኩ። የምንጻጻፈውን ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም አያነበውም። መልእክት በሰባት ቀን ይጠፋል፤ ቅጂ የትም አይቀመጥም። የይለፍ ቁጥሩ አሥር ጊዜ ከተሳተ ስልኩ የያዘውን ሁሉ ያጠፋል። ይህን ሁሉ ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ ያስተካከልኩት እኔ ነኝ፤ እውነቱን ለመናገር ኮርቼበትም ነበር።

3. ቁጥሩን ማንም ለማንም እንዳይናገር አዘዝኩ። ወንድሜ ግን የራሱን በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረልኝ። «አንቺ እንኳ እወቂው እንጂ፣ የሰው ነገር ምን ይታወቃል» አለኝ። እኔ ሆዬ ሠራተኞቹ እያዩ፣ ትምህርት ይሁናቸው ብዬ፣ ሳላነበው ቀደድኩት። «ጉደኛ ነሽ» ብሎ እየሳቀ ወጣ።

4. ሰኔ 3 ቀን የአንድ ሕንፃ ሥራ ሊለካ ሄዶ ከርብራብ ላይ ወድቆ ሞተ፤ ስልኩንም ፖሊስ ለአሟሟቱ ምርመራ ወሰደው። ከመውደቁ ጥቂት ቀደም ብሎ የሁለት ደቂቃ የድምፅ መልእክት ልኮልኝ ነበር። ለመክፈት አቅም አጣሁ። እስካልሰማሁት ድረስ ገና የሚነግረኝ አለ እያልኩ ራሴን አታለልኩ። በስምንተኛው ቀን ሳየው የለም። ያጠፋው የራሴው ደንብ ነው፤ ማንን እከሳለሁ?

5. ወንድሜ ይንተባተብ ነበር። ስለዚህ ድምፁን አስቀድሞ በስልኩ መቅጃ ይቀዳና ያዳምጠዋል፤ ካልጣመው ይደግመዋል፤ የተሻለውን ብቻ ይልካል። የተበላሹትን ለመሰረዝ ደግሞ ይሰንፋል። የዚያን ቀን የተበላሹትም እዚያው ስልኩ ውስጥ እንዳሉ አምናለሁ። መርማሪው እንደነገሩኝ የልደት ቀን፣ የሰሌዳ ቁጥር፣ የመጣላቸው ሁሉ ስምንት ጊዜ ተሞክሯል። የቀረው ሁለት ነው።

6. ስለሆነም ከእንግዲህ በግምት ማንም ቁጥር እንዳያስገባ፣ ምርመራው ሲያበቃ ስልኩ እንዳይወገድና እንደተዘጋም ቢሆን ለእኔ እንዲሰጠኝ ትእዛዝ እንዲሰጡልኝ በታላቅ ትሕትና አመለክታለሁ። ውስጡን መስማት ባልችል እንኳ አጠገቤ ይሁን።

7. ይህን ለመጻፍ አፍሬ ነበር፤ ግን ልጻፈው። ስልኩ ቻርጅ ላይ እንደበራ ነው መሰለኝ፣ በስሙ ሥር «አሁን መስመር ላይ» የሚል አንዳንዴ ይታየኛል። በየቀኑ እደውላለሁ። ባለፈው ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ስልኩ ተነሳ። ድምፅ የለም፣ ትንፋሽ ብቻ። ወንድሜም ስልክ ሲያነሳ የመጀመሪያዋ ቃል እስክትወጣለት እንዲሁ ነበር፤ እኔም ሳላጣድፈው መጠበቅ ለምጃለሁ። ጠበቅኩ። «አይዞህ፣ ቀስ በል» አልኩት። ተዘጋ።

ያነሳውን ሠራተኛ አልከስም፤ ደንግጦ ይሆናል። ዳግመኛ ካነሳ ግን፣ እባክዎ፣ ቶሎ ብሎ አንድ ቃል እንዲናገር ይዘዙልኝ። እኔ ቀድሜ መዝጋት አልችልም።

ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የሟች ታናሽ እህትና የሥራ ሸሪክ