ከሞተው ፕሮግራም የወጣ ስም

ሰኞ፣ ጥቅምት 10፤ ከሰዓት

የክሊኒኩ የላቦራቶሪ ፕሮግራም ዛሬም ሞተ። ውጤት ሊያትም ሲል ድርግም። ዳምፑን እንደ ቀድሞዎቹ በፍላሽ ላኩልን፤ ፕሮግራሙ ሲሞት በሜሞሪው ይዞት የነበረው ሁሉ እንዳለ የተገለበጠበት ፋይል ማለት ነው። ሌላው ሰው ዲበገር፣ የስህተት መፈለጊያውን ፕሮግራም፣ ከፍቶ ትእዛዝ በትእዛዝ ይቆፍረዋል። እኔ ሰለቸኝ። ዲበገሩ በፓይተን ቋንቋ የተጻፈ ትእዛዝ ይቀበል የለ? ስክሪፕት ጻፍኩለት። ራሱ ገብቶ የት እንደሞተ፣ ምን ይዞ እንደነበር ዘርግፎ ያሳያል። በሐሰት ዳታ ሞከርኩት። ሠራ! አለቃችንን ኢንጂነር ተኽላይን ረቡዕ ስብሰባ ላይ ላሳይ አልኩት፤ አሳየን አለ። የሙከራ ጊዜዬ እያለቀ መሆኑን አንቺም፣ ማስታወሻዬ፣ ታውቂያለሽ። እንዳ ኢየሱስ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ያን ሁሉ ዓመት ተምሬ ባዶ እጄን ወሎ አልገባም።

ረቡዕ፣ ጥቅ. 12

እንዴት ብዬ ልንገርሽ።

ፕሮጀክተር ላይ አሳየሁ፤ ጥሩ ሄደ። ጎኔ የሚቀመጠው ሃፍቶም፣ ያ ቀልደኛ፣ «ሓወይ፣ በሐሰት ዳታማ ማንም ጀግና ነው፤ የሰኞውን ክፈተው» አለኝ። ሳላስብ ከፈትኩት። ስክሪፕቱ ስህተቱን ወዲያው አገኘው። ስም የሚቀመጥበት ቦታ ጠቧል፤ በላቲን ፊደል ለክተውት፣ የኛ አንዱ ፊደል የሦስት ቦታ ይይዛል። ረጅም ስም እስከ አያት ሲመጣ ሞልቶ ይፈሳል። አጨበጨቡልኝ። ቆሜ ጥርሴን እያሳየሁ ነው። ስክሪፕቱ ግን አላቆመም። ስሙን ራሱን ጻፈ። ከሥሩ ዕድሜ። ከሥሩ፦ የጉበት ቫይረስ ቢ፣ ተገኝቷል።

ሃፍቶም ጮክ ብሎ አነበበው። ስሙ ለተብርሃን ነው፣ ከነአባቷ፣ ከነአያቷ። «ኣንቲ፣ ሞክሼሽን አገኘንልሽ!» ብሎ ሳቀ። ሳቁ መሃል ላይ ቆመ። እስከ አያት ሞክሼ የለም።

ለተብርሃን እኮ እዚያው ተቀምጣለች። ፕሮግራሞቻችንን የምትፈትሸው እሷ ናት። ስቀጠር ሓድነት ሰፈር ቤት ያፈላለገችልኝ፣ ትግርኛዬ ሲሰበር በአማርኛ የምታነሳኝ። ብርጭቆዋን አንስታ ወጣች። ኢንጂነሩ ፕሮጀክተሩን አጠፋ።

ከዚያ ምሳ። ረቡዕ ጾም ነው፣ ሽሮ። እኔ ሙስሊሙ ከነሱ ጋር ከአንድ ትሪ የምበላው በጾም ቀን ነው፤ ለዚህ ነው የምወደው። እጇን ታጥባ መጥታ ተቀመጠች። ሃፍቶም ስልክ ተደወለልኝ አለ። ኢንጂነሩ ቁርስ አርፍጄ ነው የበላሁት አለ። እኔና እሷ ቀረን። አብሮ በመብላት እንደማይተላለፍ አውቃለሁ። ግን ከፊት ለፊቴ፣ ከጠርዙ ብቻ ቆረስኩ። አየችኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅ. 13

ምሳዋን በዕቃ ይዛ መጣች። ጠረጴዛዋ ላይ ብቻዋን በላች።

ኢንጂነሩ ጠራኝ። ስክሪፕቱን ወዶታል፤ ቋሚ ትሆናለህ አለኝ። ለክሊኒኩ የስሙን ቦታ አስፍተናል እንላቸዋለን፣ ሌላው እዚሁ ይቅር፣ ካወቁ ውላችንን ያፈርሳሉ አለ። እሺ አልኩ። እሺ! ደረጃውን ስወርድ ደግሞ ደስ አለኝ። እናቴ ጋር ልደውል ስልኬን አወጣሁ። ፊቴ የነደደው ያኔ ነው። አልደወልኩም።

ዓርብ፣ ጥቅ. 14

ሽሮ አዝዤ ትሪውን ጠረጴዛዋ ድረስ ተሸክሜ ሄድኩ። አብረን እንብላ አልኳት።

«ይሄ ለኔ ነው ወይስ ለራስህ?»

ትሪውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ሃፍቶም ከወዲያ «ሰዒዶ፣ አስተናጋጅ ሆንክ እንዴ?» አለ። ማንም አልሳቀለትም።

ከሰዓት እሷው ጠራችኝ። እናቷ እንኳ ስለ ሕመሟ እንደማያውቁ ነገረችኝ። ይቅርታ ልጠይቅ ስል አስቆመችኝ፤ ሌሎቹስ? አለች። የትኞቹ? አልኳት። በፍላሹ የመጡት፣ ላፕቶፕህ ላይ ያሉት።

እመኚኝ፣ አስቤው አላውቅም ነበር። ለኔ ፋይሎች ነበሩ። እያንዳንዱ ውስጥ ሰው አለ፤ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጥ የሰፈር ሰው። ክሊኒኩም ምን እንደሚልክልን አያውቅም።

ምን ላድርግ አልኳት። ንገራቸው አለች፤ የኔን ስም ሳትጠራ።

ስክሪፕቱን ቆረጥኩት። አሁን የሞተበትን ቦታ ብቻ ይናገራል፣ የያዘውን አይዘረግፍም። ነገ ክሊኒኩ እሄዳለሁ ብዬ ለኢንጂነሩ ጻፍኩለት። መልሱ አጭር ነው፦ ከሄድክ ሰኞ አትምጣ።

ቅዳሜ፣ ጥዋት፤ ክሊኒኩ

ወረፋ ላይ ነኝ፤ ጉልበቴ ላይ እየጻፍኩልሽ። አጠገቤ ያሉ እናት ምኑን አሞህ ነው፣ ወደይ? አሉኝ። ደህና ነኝ ብላቸው አላመኑኝም፤ «ኣጆኻ፣ አይዞህ» አሉኝ። ፊቴ ያስታውቃል መሰለኝ። ሁለት ጊዜ ልነሳ ብዬ ተቀምጫለሁ። ሌሊቱን ያሰናዳሁት ንግግር ሁሉ «ፕሮግራሙ» ብሎ ነው የሚጀምረው፤ ፕሮግራሙ እንዲህ ሆነ፣ ፋይሉ እንዲያ ሆነ። ያን ትቼዋለሁ። የክሊኒኩ ኃላፊ በሩን ከፍታ ማን ነው ቀጣዩ እያለች ነው። መጀመሪያ የምነግራት፣ የታካሚ ውጤት ከፍቼ ለሰው ያሳየሁት እኔ መሆኔን ነው።