ቁጥሩን ከማን ሰማኸው?

ታዴዬ፣

ልብህ በድንገት ሥራዋን ካቆመች ዓመት ከአሥራ አንድ ቀን ሆነ። እንዴት ሰነበትክ አልልህም። አንተም አትመልስልኝ፣ ብትመልስም እኔ ዘንድሮ ያለ ማስረጃ የሚነገረኝን ማመን ትቻለሁ።

ቤቱ ደህና ነው። ሠፈራችን ያራቪልም ያው ናት፤ ከወደቡ የሚወጡት ከባድ መኪኖች ዛሬም መስኮታችንን እያንቀጠቀጡ ያልፋሉ። እኔም ያው መድኃኒት ቤቴ ነኝ፤ ማዘዣ በመጣልኝ ቁጥር ሐኪሙ ተሳስቶ ይሆናል ብዬ እጀምራለሁ። ጠመንጃህን በወጉ በስሜ አዛውሬዋለሁ። የጋራዡ ጠረጴዛህ እንደተውከው አለ። እንቅልፍ የነሱኝ በብረት ሳጥኑ ቆልፈህባቸው የሄድካቸው ሃያ ጥይቶች ነበሩ፤ በገዛ እጅህ ባሩድ መዝነህ የሞላሃቸው።

ሙት ዓመትህ ሲቃረብ ወንድምህ ዮናስ ከዋይንድሃም ቬል መጥቶ ሐሳብ አቀረበ። ከፍትሐቱ በኋላ መተኮሻ ሜዳው ሄደን ሃያዎቹን በስምህ እንተኩስ አለ። በዕድሜ ስለሚገባቸው የመጀመሪያውን የተኩስ ባልደረባችሁ ጋሼ በላይ እንዲተኩሱ ተወሰነ። እሳቸውም ከአስኮት ቬል ደውለው አለቀሱ፤ "ታደሰ ያን ጥይት ለእኔ ብሎ ነው የሞላው" አሉ። ይህን ማን እንደነገራቸው አልጠየቅኩም። ለቅሶ ላይ ምንጭ አይጠየቅም።

ስልኩን እንደዘጋሁ ግን የመጨረሻው በጋችን ትዝ አለኝ። ሜዳው ላይ አጠገብህ ቆሜ የዒላማውን ወረቀት ቀዳዳ እቆጥርልህ ነበር። ተኮስክና የጠመንጃው መቀርቀሪያ አልከፈት አለህ። በመዳፍህ ሁለቴ መታኸው። ምን ሆነ ስልህ፣ "ብርዱ ነው" አልከኝ። ታዴ፣ ጃንዋሪ እኮ ነበር! አስፋልቱ ጫማ የሚይዝበት የሜልቦርን ጃንዋሪ! ያን ቀን ዝም ያልኩህ ስለምወድህ ነው። የተጠራጠርኩህም ያን ቀን ነው።

ደብተርህን አወጣሁ። የባሩዱን ልክ በቀይ ከብበኸዋል፤ ሁለቴም አስምረህበታል። ሁለቴ ያሰመርክበት ነገር ምን ያህል እንደሚታመን ከሠርጋችን የእንግዶች ዝርዝር አውቃለሁ። ቁጥሩን እዚህ አልጽፈውም። ይህን ደብዳቤ ሌላም ሰው ስለሚያነበው፣ ነገ አንዱ ተነሥቶ "ሟቹ በሚስቱ በኩል እንዲህ ብሏል" ብሎ ይሞላበታል። ከቁጥሩ ጎን "ዮናስ ነግሮኝ" የሚል አገኘሁ።

ለዮናስ ደወልኩ። "አንቺ ደግሞ! እኔ ምን አውቃለሁ፣ ጋሼ በላይ ናቸው የነገሩኝ" አለ። እሳቸውስ ከየት አመጡት ስለው፣ "ዕድሜ ልካቸውን ጠመንጃ የያዙትን ሰውዬ ከየት አመጡት ብዬ ላፋጥጣቸው? ምን ነክቶሻል?" ብሎ ተቆጣ። ለጋሼ በላይ ደወልኩ። "እንዴ፣ ልጄ! ከታደሰ ነዋ! እሱ እኮ ደብተር የሚይዝ ሰው ነው" አሉኝ፣ በኩራት።

ቁጭ ብዬ አሰብኩት። አንተ ከዮናስ፣ ዮናስ ከጋሼ በላይ፣ ጋሼ በላይ ካንተ። ቁጥሩ አባት የለውም! አንተ ዮናስ ኢንጂነር ነው፣ አስልቶት ይሆናል ብለህ አመንከው። እሱ ሽማግሌ ናቸው ብሎ አፈረ። እሳቸው ጽፎታል ብለው አከበሩህ። ሦስት ትልልቅ ሰዎች ባሩድ የምትሰፍሩት በሚዛን ይመስለኝ ነበር፤ ለካ በይሉኝታ ኖሯል።

ኢንተርኔቱንም አየሁት። ስሙን ደብቆ የተኩላ ፎቶ የለጠፈ አንዱ ካንተም አስበልጦ ጽፎ፣ "እኔ ምንም አልሆንኩም" ይላል። ከሥሩ ሌላው ያንን ቀንሶ ጽፏል። ሦስተኛው ሁለቱንም ሰድቦ ወጥቷል። እኔ ደግሞ መድኃኒት ቤት ውስጥ "ምንም አልሆንኩም" የሚሉ ብዙ ሰዎች አይቻለሁ፤ አንዳንዶቹን ሁለተኛ አላየኋቸውም።

በመጨረሻ ባሩዱን የሚሠሩት ሰዎች ያሳተሙትን ሠንጠረዥ አወጣሁና ለራሳቸው ኢሜይል አደረግኩ። የባሩዱን ስም፣ የጥይቱን ዓይነት፣ የአረሩን ክብደት፣ ያንተን ቁጥር፣ ሁሉንም ጻፍኩላቸው። አንድ ሰው ደወለልኝና ከሁሉ አስቀድሞ፣ ይህን ቁጥር ከየት አገኘሽው አለኝ። በዚህ ሁሉ መንገድ ይህን የጠየቀ የመጀመሪያው ሰው ነው፤ ላገባው ምንም አልቀረኝም። ቁጥርህ ከሠንጠረዡ ጣሪያ በላይ ነው ታዴ። አንድም እንዳትተኩሱ፣ ጠመንጃው ፊት ላይ ፈንድቶ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል፣ ፍቷቸው፣ አዲስ ስትሞሉም ከታችኛው ልክ ጀምሩ አለኝ። ያ መቀርቀሪያም አልከፈት ያለው በባሩዱ ብዛት ነው፤ ከብርድ ጋር ዝምድና የለውም።

ሁለቱን ቤት ጠርቼ ነገርኳቸው። ዮናስ መሬት መሬት አየ። ጋሼ በላይ ግን ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ፤ "ሟቹን አማሽው" አሉ። "አይ ጋሼ፣ ሟች እንዳይበዛ ነው" አልኳቸው። ተመልሰው ተቀመጡ።

በማግስቱ ጋራዥ ገብቼ ሃያዎቹን አንድ በአንድ ፈታሁ። እየተሳደብኩህ ነበር የምፈታው፤ ይቅር በለኝ። ከእያንዳንዱ ቀለህ የወጣውን ባሩድ ሚዛን ላይ አስቀመጥኩ። አንዱ ካንዱ ቅንጣት አይበልጥም፣ ቅንጣት አያንስም። ሃያውም! እኔ እንኳ ዱቄት መድኃኒት እንዲህ አድርጌ መዝኜ አላውቅም። ያን ጊዜ ስድቡ አፌ ላይ ቀረ። ስሕተቱን እንደዚያ ተጠንቅቀህ፣ ትንፋሽህን ይዘህ፣ እዚያች ወንበር ላይ ጎብጠህ ስትሠራው ታየኝና እስኪበቃኝ አለቀስኩ። ከዚያ ባሩዱን እንደ ደንቡ አስወገድኩት። የደብተርህን ገጽ በእስክሪብቶ ሰርዤ ከጎኑ "ማንም አይጠቀምበት" ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ።

ሙት ዓመትህን ከሠንጠረዡ ታችኛው ልክ በሞላኋቸው አዲስ ጥይቶች አሰብንልህ። ጋሼ በላይ ቀድመው ተኮሱ። ወረቀቱን ሳቱት። "በታደሰ ቁጥር ስቼ አላውቅም!" ብለው ዞረው፣ በሁለቱም ዓይናቸው አፈጠጡብኝ። ሁለቱም ዓይናቸው እንዴት ያምር ነበር መሰለህ።

ታዴዬ፣ በሕይወት እስካለሁ አስታውስሃለሁ። ሳቅህን፣ ጎብጠህ መመዘንህን፣ ውሸትህን እንኳ ሳይቀር። ለሚጠይቀኝ ሁሉ ደግ ባል ነበረኝ እላለሁ። ምንጭ አድርጌ ግን አልጠቅስህም።

ያንተዋ ሰናይት