ቀለሙ ስንት ውሃ ይፈልጋል?

ሰኞ፣ ኖቬምበር 4
ዝናብ። የበርገን ከተማ ሰማይ ሌላ ምን ያውቃል? ቁርስ ላይ እጄ ተንቀጥቅጦ ወተቱን ደፋሁት። አርቪድ አይቶ እንዳላየ ጠረገው። በአርባ አንድ ዓመት ትዳራችን እንዲህ ጨዋ ሆኖ አያውቅም... ያናድዳል።

ከሰዓት በኋላ ሁለት ከረጢት ይዞ ገባ። አክሪሊክ ቀለም፣ የፕላስቲክ ኩባያ፣ የተወጠረ ሸራ።

«ምንድን ነው?»

«ቀለም እየደፉ መሣል። ብሩሽ አያስፈልገውም።»

ሠላሳ ዓመት ሳህን ላይ ጽጌረዳ ስስል የኖርኩ ሴት ቀለም ልድፋ?

«ከግድግዳ ቀቢ ባል የመጣ ጥበብ!» አልኩት። ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 6
ወጥ ቤት ጋዜጣ አንጥፎ ብቻውን ጀመረ። ቀለሙ ላይ ከቧንቧ በቀጥታ ውሃ ሞላበት። በዛ አልኩት። «ቀለም ማቅጠን ለኔ ልታስተምሪ?» ተውኩት።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 9
ደረቀ። ተሰነጣጠቀ። በጣቴ ብነካው እንደ ጠመኔ ቦነነ። አርቪድ አንገቱን ደፋ። አሳዘነኝ... ለኔ ብሎ እኮ ነው።

«ውሃ ብቻውን አይሆንም። የሚያጣብቀው ነገር ይፈልጋል» አልኩ። ከአፌ አመለጠኝ። ቀና ብሎ አየኝ። ተያዝኩ!

እሑድ፣ ኖቬምበር 10
ሁለት እጅ ነጭ ኮላ፣ አንድ እጅ ቀለም። ውሃ በሻይ ማንኪያ፣ እያዩ። ሰማያዊው እንደ ሞቀ ማር ከማማሰያው ላይ ክር ሆኖ ወረደ። ነጩ ግን ወፍሮ አስቸገረ። እኩል ካልቀጠኑ አንዱ ሌላውን ይውጠዋል። ትንሽ ጨመርኩለት። አረፋው እንዲጠፋ ሃያ ደቂቃ አስቀመጥናቸው። አርቪድ ጠረጴዛውን በውሃ ልክ ለካ፣ አንዱ እግር ሥር ካርቶን ሸጎጠ። በዚህስ አይታማም።

ደፋሁ። ግማሹ ሸራው ላይ፣ ግማሹ የአርቪድ ካልሲ ላይ። ሸራውን በሁለት ክንዴ ደግፌ አዘነበልኩ። ነጩ ሰማያዊው ውስጥ ገባ፣ ተከፋፈለ፣ ተጠማዘዘ... እንዲህ ትንፋሼን ውጬ ያየሁት ነገር ከስንት ጊዜ ወዲህ ነው?

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 21
አራተኛው ሸራ። ደርቋል፣ አንድም ስንጥቅ የለውም!

ጉንቮር ደወለች። የሳህን ፋብሪካው ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ያረጀን ነን። ጡረተኞቹ በየሐሙሱ ይገናኛሉ።

«ከቀረሽ ዓመት ሞላሽ። ምን አስቀየምንሽ?»

ምን ልበላት? እናንተ ፊት ማንኪያ ማንሳት አፍራለሁ ልበል?

«ጉንፋን ይዞኝ ነው።»

«የዓመት ጉንፋን?»

ቶሎ ተሰናበትኳት። አርቪድ ሰምቶኛል።

«ጥሪያት» አለ።

«እጄን እንድታየው?»

«አዎ። ትየዋ።»

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 23
ጠራኋት። ምን ነካኝ?

እሑድ፣ ዲሴምበር 1
ጉንቮር መጣች። አርቪድ ዋፍል ጋግሮ፣ አብሮት የሚበላውን ቡናማ አይብ ቆራርጦ ከቤት ወጣልን። ገና ካፖርቷን ሳታወልቅ በአንድ ትንፋሽ ነገርኳት።

«እጄ ይንቀጠቀጣል። ሐኪሙ አይተውሽም ብሎኛል።»

ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«እኔም የግራ ዓይኔ ጠፍቷል። ቀኙም እየደከመ ነው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ለማን ልናገር? አንቺ ጠፋሽ።»

አፈርኩ። ዓመቱን ሙሉ የራሴን እጅ ብቻ ሳይ...

ሽርጥ ሰጠኋት። ውሃውን ስትጨምር አበዛችው።

«በቃ! ይሰነጠቃል!» ጮህኩባት።

«ድሮም አለቃ ነሽ!»

ኮላና ቀለም ጨምረን አዳንነው። እሷ ኩባያውን ያዘች፣ እኔ አየሁላት። «ወደ ቀኝ... ኧረ ቀኝ! አሁን ድፊ!» ሸራው ወጥ ቤት ተጋድሟል፤ አረንጓዴና ነጭ፣ ጥግ ላይ አመድማ። አመድማውን ማን እንዳመጣው አላውቅም። ያምራል።

አውቶቡስ ድረስ ሸኘኋት። ደረጃው ረጥቧል። ክንዴን ጥብቅ አድርጋ ያዘች።

«ትንቀጠቀጫለሽ» አለችኝ።

«አንቺም አታዪም፤ ዝም ብለሽ ውረጂ።»

መንገደኛው ዞሮ እስኪያየን ድረስ ሳቅን።