ሽፋን ብቻ ላለው መጽሐፍ ዋንጫ ለሸለመው የተከበረ ኮሚቴ

ይድረስ ለክቡር ሰብሳቢ፣
የተጫዋቾች ምርጫ የጠረጴዛ ጨዋታዎች ሽልማት አዘጋጅ ኮሚቴ

ጉዳዩ፦ ስለ ድምፅ አሰጣጡ በትሕትና ምክር ስለ ማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ዋንጫ ሲያድል የዋለው ክንድዎ፣ በየአምስት ደቂቃው ሲጨበጨብ እጅ ሲነሳ የዋለው ወገብዎ፣ በተለይም መቶኛ ሲደምሩ የደከሙት ዓይኖችዎ ፍጹም ጤና እንዲሆኑ ከልብ እመኛለሁ። እኔ መነጽር ቤት ቁጭ ብዬ ሌንስ ስሞርድ የምውል ተራ ሰው ስለሆንኩ፣ ከዓይን ጀምሬ ሰላምታ ማቅረቤን እንደ ሙያ ልማድ እንጂ እንደ ሽሙጥ እንዳይቆጥሩብኝ አደራ እላለሁ።

ይህ ደብዳቤ ግልጽ በመሆኑ የሚና ጨዋታ ምን እንደሆነ በማያውቅ አንባቢ እጅ ሊገባ ይችላል፤ ለኮሚቴ አባላትም ሊደርስ ስለሚችል ባጭሩ ላስረዳ። አራት አምስት ሰው ጠረጴዛ ይከባል፤ አንዱ ታሪክ ይተርካል፤ ሌሎቹ በታሪኩ ውስጥ ያሉትን ሰዎች ሆነው ምን እንደሚያደርጉ ይናገራሉ፤ ይሳካላቸው አይሳካላቸው ደግሞ ዳይስ የሚባለው ባለ ቁጥር ጠጠር ተጥሎ ይታያል። ታሪኩና ሕጉ በመጽሐፍ ይጻፋል፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

እኛ በውድድሩ ያቀረብነውን «የተበላሸው ሊፍት» የተባለ ጨዋታ የፈጠረው የእህቴ ባል ነው። ሥራው የከተማ አውቶቡስ መንዳት ሲሆን፣ ከሰው ጋር በቀን አሥር ቃል ከተናገረ ብዙ አወራ የምንለው ዓይነት ሰው ነው። በጨዋታው ውስጥ ሁላችንም ባለ አሥራ ሁለት ፎቅ ሕንፃ ነዋሪዎች ነን፤ ሊፍቱ ተበላሽቷል፤ አንድ ትልቅ ቁም ሳጥን ደግሞ የግድ ላይኛው ፎቅ መድረስ አለበት። በየፎቁ ግን ጎረቤት አለ። አራተኛ ፎቅ ላይ ከባሏ ጋር የተኳረፈች ሴት ቁም ሳጥኑን ሳሎኗ መሀል እንደ ግድግዳ አቁመን እንድንተውላት ትለምናለች፤ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ጡረተኛው ዳኛ የመተላለፊያ ፈቃድ ይጠይቃሉ። እስከ ዛሬ አሥራ ሁለተኛ ፎቅ የደረስነው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።

ታሪኩን የምትተርከው አክስቴ ናት። ሠላሳ ዓመት ስልክ ማዞሪያ ውስጥ ሰውና ሰው ስታገናኝ ኖራ ጡረታ ስትወጣ የሚያናግራት አጥታ፣ ከቴሌቪዥን ዜና አንባቢው ጋር መከራከር ጀምራ ነበር። በሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት ሁለተኛ ፎቅ ባለችው ክፍል ቅዳሜ ከሰዓት መጫወት ከጀመርን ወዲህ ግን ዜና አንባቢውን ትታዋለች። ዘንድሮ ይህችን ክፍል የቼስ ቡድኑም ፈለጋት። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ሁለታችንንም ጠርታ «እኔ ማንንም ማስቀየም አልፈልግም። እስቲ የታወቀ ነገር ይዛችሁ ኑ፤ ሽልማት ያለውን ማን ይነካዋል?» አለችን። እንግዲህ በርዎን ያንኳኳነው ለዝና ብለን ሳይሆን፣ የአክስቴ ቅዳሜ እንዳይወሰድብን ፈርተን መሆኑን ይወቁልን።

ከዚያ በኋላ ያገኘነውን መስተንግዶ እንደሚከተለው በቁጥር ዘርዝሬ አመሰግናለሁ።

፩. ማመልከቻችንን ባስገባን በሳምንቱ፣ ክቡር ጽሕፈት ቤትዎ «የተበላሸው ሊፍት» የሚለውን ርዕስ በጥልቀት መርምሮ፣ የሊፍት ጥገና ፈቃዳችንን በአሥር ቀን ውስጥ እንድናያይዝ በማኅተም አዘዘን። የእህቴ ባል ደንግጦ መንጃ ፈቃዱን ላከላችሁ፤ ተቀባይነት አገኘ። ስለ ደኅንነታችን የተጨነቀ ኮሚቴ እንዳለን በማወቃችን ኮርተናል። ለከርሞ ግን፣ ከአባላቱ መካከል አንዱ ብቻ እንኳ የቀረቡትን ጨዋታዎች የመጀመሪያ ገጽ ቢያነብ፣ ማኅተሙም ትንሽ ያርፋል ብዬ እገምታለሁ።

፪. አርባ ሰባቱን ዕጩዎች በፊደል ተራ መደርደራችሁ ፊደል ለምናከብር ሰዎች ታላቅ ደስታ ነው። ችግሩ ስልክ ላይ የሚታዩት የመጀመሪያዎቹ ስድስት ብቻ መሆናቸውና «ተጨማሪ» የሚለውን ለመጫን የመርፌ ጫፍ የሚያህል ጣት ማስፈለጉ ነው። «የ» ላይ ያለን ሰዎች ስማችንን ለማየት ስድስት ጊዜ መጫን ነበረብን። አንደኛ የወጣው «ሃያ ዘንዶዎች» የመጀመሪያው መስመር ላይ መገኘቱ በርግጥ ከችሎታ የመጣ ነው እንጂ ከ«ሀ» ጋር ግንኙነት የለውም። ሆኖም በአዳራሹ ደረጃ ላይ ያገኘኋቸው ሦስት ተወዳዳሪዎች በሚቀጥለው ዓመት የጨዋታቸውን ስም «ሀሀሀ»፣ «ሀሀሀሀ» እና «ሀሀሀሀሀ» ሊያደርጉ መወሰናቸውን ስለነገሩኝ፣ ዝርዝሩ ለእያንዳንዱ መራጭ በዕጣ ተበውዞ እንዲቀርብ ብታደርጉ፣ ክቡርነትዎ መድረክ ላይ ቆመው አሸናፊ ሲጠሩ የሚስቁ ከመምሰል ይድናሉ።

፫. ይህ የአክስቴ ጉዳይ ስለሆነ ትዕግሥትዎን እለምናለሁ።

አክስቴ ድምፅ መስጠትን እንደ መሐላ የምታይ ሴት ናት። አርባ ሰባቱንም መግለጫዎች በሁለት ቀን አንብባ፣ በደብተር ነጥብ ሰጥታ፣ የራሳችንን ጨዋታ «መጨረሻው ትንሽ ይረዝማል» ብላ ግማሽ ነጥብ ቀንሳበት፣ በመጨረሻ ሊፍታችንን መረጠች። ድረ ገጻችሁ ግን ከማሽን ለመለየት ብስክሌት ያለባቸውን ሥዕሎች እንድትነካ ጠየቃት። አክስቴ መነጽሯን ጠርጋ ረጅም ጊዜ ተመለከተች። «የብስክሌት ጥላ እንደ ብስክሌት ይቆጠራል?» ብላ ጠየቀችኝ። አይመስለኝም አልኳት። «ጎማው ብቻ የገባውስ?» እኔም ሙያዬ ማየት ሆኖ ሳለ ስልኩን ወደ ዓይኔ አስጠጋሁት። ሦስት ጊዜ ሞክራ ሦስት ጊዜ ወደቀች፤ በአራተኛው «ሰው መሆንዎን ማረጋገጥ አልቻልንም» የሚል ጽሑፍ ወጣ።

ሌላ ሰው ቢሆን ስልኩን ወርውሮ ይተወዋል። አክስቴ ግን በማግስቱ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ፣ የጡረታ መታወቂያዋን ይዛ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ወዳለው ጽሕፈት ቤታችሁ ሄደች። እኔም አብሬያት ነበርኩ። ጸሐፊዎ በጣም ትሑት ሰው ናቸው፤ ወንበር ስበው አስቀመጧት።

«ሰው መሆኔን ላሳይ ነው የመጣሁት» አለቻቸው።

ጸሐፊው ከላይ እስከ ታች አይተዋት «እናቴ፣ እኔማ እያየሁዎት ነው፤ ሲስተሙ ነው ያላየዎት» አሉ።

«ታዲያ እርስዎ ይንገሩት።»

«እኔን አይሰማኝም።»

አክስቴ ጥቂት አሰበችና «እርስዎንስ ሰው ነዎት ብሎዎታል?» ብላ ጠየቀች። ጸሐፊው የተቀመጡበት ወንበር ላይ ትንሽ ተቁነጠነጡ፤ እርሳቸውም ብስክሌቱ ላይ ወድቀው እንደነበር፣ እስካሁንም ድምፅ እንዳልሰጡ በሹክሹክታ ነገሩን። ስለዚህ በክቡርነትዎ ሥር የሚሠራ አንድ ሰው ሰውነቱ ሳይረጋገጥ ደመወዝ እየተቀበለ መሆኑን በዚህ አጋጣሚ እጠቁማለሁ። ምክሬም አጭር ነው፤ በአካል መጥቶ መታወቂያ ላሳየ ሰው የሚሆን አንዲት ወረቀትና አንዲት ሣጥን ይዘጋጅ።

፬. አክስቴን አንድ ጊዜ እንኳ ያላስገባው ሲስተም፣ ሌላውን ሰው ገጹን በዘጋና በከፈተ ቁጥር እንደ አዲስ መራጭ እየተቀበለ እንዳስተናገደ ከውጤቱ ተረድተናል። «ሃያ ዘንዶዎች» አሥራ አንድ ሺህ ድምፅ አገኘ። የእህቴ ባል ይህን ሲሰማ ለቀኑ ከመደበው ቃል ላይ ቀንሶ «በከተማው ያለው ተጫዋች ሁሉ ቢሳፈር ሁለት አውቶቡስ አይሞላም» አለ። የዕጩዎቹም ድርሻ ተደምሮ መቶ ሠላሳ ሰባት በመቶ መጣ። ክቡርነትዎ ይህንኑ መድረክ ላይ ሲያብራሩ «የተሳትፎውን ከፍተኛነት ያሳያል» ማለትዎን ወድጄዋለሁ፤ ደንበኞቼ ሁለት ሁለት ሲታያቸው እኔም ከእንግዲህ የዓይናቸውን ከፍተኛነት ያሳያል እላቸዋለሁ።

ቅሬታዬን በቁጥር ማቅረብ እዚህ ላይ አቆማለሁ፤ ቀሪው በቁጥር የሚገባ አይደለም።

የሽልማቱ ዕለት እሑድ ከሰዓት አራታችንም፣ እህቴን ጨምሮ፣ አዳራሹ ኋላ ረድፍ ላይ ተቀምጠን ነበር። የእህቴ ባል ከሠርጉ ወዲህ ያላሰረውን ክራቫት አስሮ ነበር። የኛ ዘርፍ ሲጠራ የእህቴን እጅ ጭምቅ አድርጎ ያዘ። አሸናፊው «ሃያ ዘንዶዎች» ሆነ። ባለቤቱ፣ የኢንሹራንስ ሠራተኛ የሆነ ረጅም ሰውዬ፣ መድረኩ ላይ ወጥቶ ዋንጫውን እንደ ሌላ ሰው ሕፃን ፈራ ተባ እያለ ታቀፈው። ክቡርነትዎ ጥያቄ ካለ ሲሉ፣ ለወግ ያህል መሆኑ ያልገባት አክስቴ እጇን አወጣች።

«ልጄ፣ እንኳን ደስ ያለህ። እኔ መግለጫህን አንብቤ አልገባኝምና፣ ዘንዶዎቹ ምንድን ነው የሚፈልጉት?»

ሰውየው ዋንጫውን አየ፣ እርስዎን አየ፣ ከዚያ አክስቴን አየ። «እትዬ፣ እውነቱን ልንገርዎት» አለ፤ «እስካሁን ያለቀው ሽፋኑ ብቻ ነው።»

ሰው ሳቀ፤ ኮሚቴው አጨበጨበ። ክቡርነትዎም ማይክሮፎኑን ተቀብለው «ይህ ለወደፊቱ ተስፋ ሰጪ ነው» በማለት ስብሰባውን ከኃፍረት አዳኑት። ያልተጻፈ መጽሐፍ ስሕተት ስለሌለበት የተጻፉትን ማሸነፉ ተገቢ መሆኑን አሁን አሰላስዬ ደርሼበታለሁ።

ወደ ቤት ስንመለስ አውቶቡስ ተሳፈርን። የእህቴ ባል ሌላ ሰው በሚነዳው አውቶቡስ የተሳፋሪ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ክራቫቱን ፈቶ፣ በጥንቃቄ አጥፎ ኪሱ ከተተ። «እኔ እኮ ዋንጫውን አልፈለግኩትም» አለ፤ «ክፍሏን ነው።»

ከአምስት ቀን በኋላ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ቃሏን ጠበቀች፤ ክፍሏን ሽልማት ላለው፣ ማለትም የሰፈራችን ሰው ሆኖ ለተገኘው ለባለዘንዶው ሰጠች። የቼስ ቡድኑም እኛም እኩል ተባረርን። ቅዳሜ ዕቃችንን ልናወጣ ሄደን የጨዋታ ካርታዎቻችንን በካርቶን ስንከት፣ ሰውየው ቁልፉን በጣቱ አንጠልጥሎ በሩ ላይ ቆመ።

«ይሄ የኔ ነው አሉኝ» አለ። «ምን እንደምሠራበት ግን አላውቅም።»

ከዚያ ሳንጠይቀው ተናዘዘ። አለቃው በሦስት ፎቅ ላሉት ሠራተኞች ሁሉ «ባልደረባችንን ምረጡ» የሚል መልእክት ልኮ ነበር፤ ሰዎቹም አለቃቸውን ለማስደሰት በቀን ሠላሳ አርባ ጊዜ ሲመርጡ ከርመዋል። እርሱ የጠየቀው ነገር አልነበረም። ሽፋኑን የሣለው ለራሱ፣ ዘንዶ ስለሚወድ ነው። በሕይወቱ አንድ ጊዜ እንኳ ተጫውቶ አያውቅም፤ የሚጠራው ሰው አልነበረውም።

አክስቴ የያዘችውን ካርቶን መሬት አስቀመጠች። «ካርታዎቹን መልሱ» አለችን። ለእርሱም ወንበር ስባ «ተቀመጥ። አንተ ስምንተኛ ፎቅ የምትኖር፣ ወገብህን የሚያምህ ሰው ነህ። አሁን በርህ ተንኳኳ። ምን ታደርጋለህ?» አለችው። ሰውየው ብዙ አሰበ። «እከፍታለሁ» አለ።

ይኸው ሰባት ቅዳሜ ሆነ። ክፍሏ በርሱ ስም ናት፤ ጠዋት ጠዋት ለቼስ ቡድኑም ሰጥቷቸዋል። ከመጽሐፉ አሥራ አንድ ገጽ ጽፎ አክስቴ ዘጠኙን ሰርዛበታለች፤ ሁለቱ ግን በጣም ጥሩ ናቸው።

ክቡርነትዎን የምለምነው እንግዲህ ጥቂት ነው። አንድ ሰው አንድ ድምፅ ይስጥ፤ የሚወዳደረው ጨዋታ ውስጡ የሆነ ነገር ይኑረው፤ ቆጠራው ለሁሉም ይለጠፍ፤ ድምሩም መቶ ላይ እንዲያርፍ በደግነት ይፈቀድለት።

ለሰጡኝ ጊዜ፣ ለሰጡን ትምህርት፣ በተለይም ሳያስቡት ለሰጡን አዲስ ጓደኛ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ወንበርዎ ይመችዎ ዘንድ፣ እርስዎም እንዳይነሱበት ዘንድ እየተመኘሁ፣

ታዛዥዎ
መነጽር ሠሪው

ግልባጭ፦
ለጽሕፈት ቤቱ ትሑት ጸሐፊ (ሰውነታቸው ሲረጋገጥ የሚደርሳቸው)

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ላሽግ ስል ለተሸናፊዎች የላካችሁት የምስጋና ወረቀት ደረሰን። ማተሚያ ቤቱ ይሁን እናንተ አላውቅም፣ በወርቃማ ፊደል «አንደኛ ስለወጣችሁ እንኳን ደስ አላችሁ» ይላል። ለአርባ ስድስቱም ተሸናፊዎች ያው እንደተላከ አጣርቻለሁ። ስሕተት ነው ብላችሁ ለመመለስ ከፈለጋችሁ፣ እባካችሁ ቆጠራውን አያይዛችሁ ጠይቁን፤ እስከዚያው በመስተዋት አድርገን ሰቅለነዋል።