ስለታሰሩት ሳህኖችና ስለ ጋሼ ኑርሁሴን

በወልድያ የገንዘብ ዝውውር ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ለተከበሩ ኃላፊ
ከመርሳ፣ ጥር 2014 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ከረሙልን? ጦርነቱ ሲመጣ ከሁላችን ቀድመው ስለሄዱ፣ ሲያልፍም ከእርዳታው እህል ቀድመው ስለተመለሱ፣ ጤናዎ እንዳልተጓደለ እርግጠኛ ነኝ፤ ቢሆንም ወግ ነውና ጉልበትዎን ያጽናልዎ፣ ወንበርዎንም አይንሣዎ እላለሁ። እኔ ፋንቱ እባላለሁ፤ መርሳ ገበያ ጨውና ሳሙና እሸጣለሁ፣ የሰፈራችን ቅሬ የዕቃ ቤት ቁልፍም እኔ ዘንድ ነው። ቅሬ ሰው ሲሞት የሚቀብር፣ ሐዘንተኛ የሚያበላ ማኅበር መሆኑን፣ በዚሁ አገር ሹም ነዎትና፣ አያጡትም።

ቅሬያችንን የሚመሩትን ዳኛ ጋሼ ኑርሁሴንን ያልተፈቀደ ገንዘብ አሰራጭተዋል ብለው አስረዋቸዋል። ገንዘብ የተባሉትን የቅሬ ሳህኖቻችንንም ለኤግዚቢት ብለው በመኪና ጭነው ወስደዋል። የጋሼ ባለቤት እትዬ ሲቲ በጠና ታመው ዓይናቸው በር በር ያያል። የምለምንዎ እኒህ ሽማግሌ ሚስታቸውን በዓይነ ሥጋ እንዲያዩ ነው። ተረጋግቼ መጻፍ እንኳ አልሆነልኝም፤ ሁለት መስመር ጽፌ እነሣለሁ፣ እትዬን አይቼ እመለሳለሁ፤ ፊደሌ ቢንጋደድ ይቅር ይበሉኝ።

አንደኛ፦ ባንኮቹ በመዘጋታቸው ከልብ አመሰግናለሁ፤ ገንዘብ ምን እንደሆነ የተማርነው ያን ጊዜ ነው። በደብተራችን ያለው ብር እዚያው ደብተራችን ላይ ቀረ፤ በእጃችን የነበረችውም ኖት ተቀደደች፣ ተጣበቀች እየተባለች የሚቀበላት ጠፋ። ማሽላ ግን ነበረን። ማሽላ ተሸክሞ ሳሙና ለመግዛት መዞር ትከሻ ይጨርሳል፤ ቤት ቢያስቀምጡት ይነቅዛል፤ ፈታሽ ሲመጣም ይወሰዳል። ስለዚህ በጋሼ ኑርሁሴን ጓሮ ባለው ጉድጓድ ከተትነው። አንድ ጣሳ ላስገባ ሰው ከሥሩ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ አንድ የቅሬ ሳህን ለምልክት ይሰጠው ነበር። ሳህኑን መልሶ ማሽላውን ይወስዳል ብለን ነበር፤ ጎረቤቴ ዙልፋ ግን ሳህኗን ይዛ እኔ ዘንድ መጣችና ሳሙና ስጪኝበት አለች። እኔም ሰጠኋት፤ በዚያው ሳህን ከግራና የመጣ በርበሬ ገዛሁበት። ወይ ጉድ! እንዲህ ሆኖ ነው ሕገወጡ ባንካችን የተከፈተው።

ሁለተኛ፦ ሐሰተኛ ገንዘብም አላጣንም። ቀለም ቀቢው ዓሪፍ የገዛ ቤቱን ሳህኖች ከሥር አረንጓዴ ቀብቶ ገበያ ወጣባቸው፤ ብዙም ሳይቆይ የአንድ ሳህኑ ሳሙና ሁለት ሳህን ገባ። ጋሼ ኑርሁሴን ግን አላሰሩትም፤ በቅሬው ጀመዓ ፊት አስቀምጠው ባወጣው ሳህን ልክ ማሽላ ጉድጓድ እንዲያስገባ ፈረዱበት፤ እሱም እየተነጫነጨ አስገባ፣ ሳሙናም ወደ ዋጋዋ ተመለሰች። በትልልቆቹ ቤት እህሉ ሳይገባ ወረቀቱ ይወጣል እየተባለ ይታማል፤ እኔ በበኩሌ ሐሜት አልወድም።

ሦስተኛ፦ ጉድለታችንን አልደብቅዎትም፤ ሰው በሞተ ቁጥር ገንዘባችን ያልቅ ነበር። ንፍሮው የሚቀርበው በነዚያው ሳህኖች ነውና፣ ለቅሶ ሲለፈፍ ሁሉም ያለውን ይዞ ይመጣል፤ ታጥቦ እስኪመለስም ገበያው ቀጥ ይላል። ባለሱቁ ስዩም ይህ ደግሞ ምን ዓይነት ገንዘብ ነው እያለ ቢያጉረመርም፣ ጋሼ ኑርሁሴን ለሞተ ሰው ያልሆነ ገንዘብ ለቆመውም አይሆንም ብለው አፉን አስያዙት። በማግስቱ ሁሉም የራሱን ሲወስድ ሁልጊዜ ሳህን ይተርፋል፤ የእኔ ነው የሚልም አይገኝም። የተረፈው በማሽላ ተመንዝሮ ለሐዘንተኛው ቤት ይሰጥ ነበር። እንዲህ ያለውን ትርፍ እናንተ ዘንድ ምን ብለው እንደሚመዘግቡት አላውቅም።

አራተኛ፦ ብሩ ሲመለስ ሁሉም ሳህኑን አስረክቦ ማሽላውን ወሰደ፤ ጉድጓዱ ባዶውን ቀረ፣ ሳህኖቹም ታጥበው ወደ ዕቃ ቤቴ ገቡ። እርስዎ የደረሱት ይኼኔ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚለውን እኔ በእርስዎ ላይ አልተርትም፤ የሚተርቱትንም እየገሠጽኩ ነው።

ኧረ ክቡር ሆይ፣ ሳህኖቹ ይቆዩ ካሉ ይቆዩ፣ ሽማግሌውን ግን ይልቀቁልን! እትዬ ሲቲ ኮቴ በሰሙ ቁጥር መጡ ወይ ይላሉ፤ እኔም መኪና አጥተው ነው፣ ነገ ይደርሳሉ እያልኩ መዋሸቱ አንገፍግፎኛል።

ኖትዎ የማይቀደድ፣ ደጅዎ የማይፈተሽ፣ መኪናዎም ለመሄድ እንደፈጠነች ሁሉ ለመምጣትም የምትፈጥን እንድትሆን እየተመኘሁ፣ ለማኅተምዎ ከሩቅ እጅ እነሣለሁ።

የባዶው ዕቃ ቤት ቁልፍ ያዥ፣
ፋንቱ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ለወልድያ መኪና ረዳት ልሰጥ ስነሣ እትዬ ሲቲ አረፉ። ቀብሩ ዛሬውኑ ከአሱር ሶላት በፊት ነው፤ ጋሼ አይደርሱበትም። ንፍሮው ተጥዷል፣ የምናቀርብበት ሳህን ግን የለንም። ለቅሶ ለመድረስ እስከ መርሳ መድከም አያስፈልግዎትም፤ ባለሐዘኑም ሳህኖቹም እርስዎ ዘንድ ናቸውና፣ እዚያው ገብተው አላህ ያጽናዎት ይበሏቸው።