አማቴ ዝም ያሉበት ሳምንት

ሰኞ

አማቴ ሌሊቱን ሲያክኩ ነው ያደሩት። ክንዳቸው፣ አንገታቸው፣ ሆዳቸው ሳይቀር ቀይ ሽፍታ ወጥቶበታል። ቅዳሜ ከያቤሎ ሲመጡ አውቶብሱ ውስጥ የጠጡት አቧራ ነው ይላሉ። ሚስቴ አለም ደግሞ አዲሱን ብርድ ልብስ ትጠረጥራለች።

አለም እናቷን ያስመጣቻቸው ለሕፃኗ ነው። ከወለደች ጀምሮ የተዘጋውን የልብስ ሱቋን ሐሙስ ልትከፍት ነው። እኔ በረንዳ ላይ ሬዲዮና ሞባይል እጠግናለሁ፤ ኔትወርክ ሞያሌ፣ እኛ ባለንበት በኬንያ በኩል፣ ከገባ ወዲህ ሥራው በዝቷል። በአንድ እጅ የጋለ መበየጃ፣ በሌላው ሕፃን አይያዝም።

ማሳከኩ ወሬያቸውን አልቀነሰውም። እያከኩ ያወራሉ። ስለ ሹፌሩ፣ ከጎናቸው ስለተቀመጠችው ሴትዮ፣ ስለ ሴትዮዋ ፍየል። ፍየሏ ብቻዋን አንድ ሰዓት ፈጀች።

ማታ እዚህ ኬሚስት ቤት ከሚሉት ፋርማሲ የማሳከክ ኪኒን ገዛሁላቸው። ትንንሽ፣ ቢጫ። ሻጩ ለማን እንደሆነ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም።

ማክሰኞ

ማሳከኩ ቀለል ብሏል። አሁን ደግሞ አፍንጫቸው ይፈሳል። ጎረቤታችን ሃቢባ በየቀኑ ወደ ኢትዮጵያ በኩል ተሻግራ ሽንኩርት ታመጣለች። እዚያ ካለ ፋርማሲ የጉንፋን ኪኒን ይዛላቸው መጣች። "ዳዋው ጥሩ ነው ማማ፣ እኔም ሰሞኑን ስውጠው ነበር" አለቻቸው፤ ዳዋ የምትለው መድኃኒቱን ነው። በቀን ሦስት ጊዜ።

ከሰዓት ተኙ። እራታቸውንም ሳይጨርሱ ተኙ። ቤቱ ፀጥ አለ።

እውነቱን ልጻፍ፤ ደስ አለኝ። ዜናውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰማሁ።

ረቡዕ

ደስታዬ ዛሬ ጠፋ። አማቴ ጠዋት ሲነሱ ተንገዳገዱ፣ ግድግዳ ይዘው ነው የወጡት። አፌ ደረቀ እያሉ ውሃ በውሃ ላይ ይጠጣሉ። እኔን በሟች ባላቸው ስም ጠሩኝ። መጀመሪያ ሳቅን። ሲደግሙት ማናችንም አልሳቅንም።

ከዚያ የባሰው መጣ። አለም ሕፃኗን ጭናቸው ላይ አስቀምጣ ልብስ ልታሰጣ ወጣች። እኔ ከሥራዬ ቀና ስል የአማቴ አንገት ደረታቸው ላይ ወድቋል። ክንዳቸው ላልቷል። ልጅቷ በጉልበታቸው ላይ ቁልቁል እየተንሸራተተች ነው። የያዝኩትን ጥዬ ሮጥኩ። ያዝኳት። እሷ እንደ ጨዋታ ቆጥራው ሳቀች።

አማቴ ነቅተው የሆነውን ሰሙ። ከዚያ ቀስ ብለው፦

"አርጅቻለሁ ልጄ። ጭንቅላቴም እየሄደ ነው። ልጅ ሳልገድል ወደ አገሬ አሳፍረኝ።"

አለም አለቀሰች። እኔን ግን አልዋጥልህ አለኝ። ሰኞ ያን ሁሉ ወሬ ከነፍየሏ ያወሩ ሰውዬ... ሴትዮ ማለቴ ነው፣ እኔም ተደነጋገርኩ... በዚህ ጥቂት ቀን እንዴት እንዲህ ያረጃሉ? ከቅዳሜ ወዲህ አዲስ ነገር ምንድን ነው? ብርድ ልብሱ። ኪኒኑ። ሌላው ኪኒን።

የማታውን አላስዋጥናቸውም።

ሐሙስ

ሱቁ አልተከፈተም። ሁለቱንም ኪኒን ኪሴ ከትቼ አማቴን ክሊኒክ ወሰድኳቸው። ነርሷ የዚሁ አካባቢ ኦሮሞ ናት፣ አማርኛዋ መሐል ኦሮምኛ ጣል ታደርጋለች። የሚወስዱትን ሁሉ አሳየኝ አለች፣ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት። እያገላበጠች አየች።

"እነዚህ ሁለቱ ውስጥ ያለው አንድ መድኃኒት ነው። ክሎርፌኒራሚን ይባላል፤ ማሳከክም የአፍንጫ ፈሳሽም ያስታግሳል። ቢጫው ብቻውን ነው፣ ይሄኛው ከትኩሳት መድኃኒት ጋር ተቀላቅሏል።"

"ስማቸው እኮ አይገናኝም" አልኳት።

"በትልቁ የተጻፈው ፋብሪካው ያወጣው ስም ነው። ከሥር በትንሹ የተጻፈውን አንብብ።"

አነበብኩ። አንድ ነው። ከዚህ በኩል አንድ ስም፣ ከዚያ በኩል ሌላ ስም። አማቴ ከድንበሩ ግራና ቀኝ የመጣ አንድ መድኃኒት ደርበው ሲውጡ ነበር።

አንዷ ፍሬ እንኳ እንቅልፍ ታመጣለች አለችን። በእሳቸው ዕድሜ ደግሞ ሰውነት ቶሎ አያስወጣትም፤ ያንገዳግዳል፣ አፍ ያደርቃል፣ ያደናግራል። ይህን የዋጠ ሰው ሕፃን አይታቀፍም፣ መኪና አይነዳም፣ እሳት አጠገብ አይሠራም።

"ለኬሚስቱ ዕድሜያቸውን ነገርከው?"

"አልጠየቀኝም።"

"ባይጠይቅህም ትነግረዋለህ። ሌላ የሚወስዱት ካለም ትነግረዋለህ።"

ከዚያ ሽንት አስቸግሯቸው እንደሆነ ጠየቀቻቸው። አማቴ እኔን አዩኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። ወጣሁ።

ስመለስ ሁለቱንም ኪኒን አስቀረች። ለማሳከኩ ሮዝ ቅባት ሰጠችን። ስንጠራቸው አልነቃ ካሉ ወይም ትንፋሽ ካጠራቸው ሳንውል ሳናድር እንድናመጣቸው አስጠነቀቀችን። ስንወጣ አማቴ በሩ ላይ ክንዴን ያዙኝ።

"እርጅና አይደለም ማለት ነው?"

"መድኃኒቱ ነው እማማ።"

መንገዱን ሁሉ አልለቀቁኝም።

ለሃቢባ ነገርኳት። ደነገጠች፣ ለደግ ብዬ ነበር እያለች። ቆየት ብላ፦ "እኔም እኮ ሰሞኑን ገበያ ላይ ሽንኩርቱን ተደግፌ ሳንቀላፋ ነበር። ፀሐዩ ነው ብዬ" አለች። አማቴ ከውስጥ ሳቁ። ከማክሰኞ ወዲህ የመጀመሪያው ሳቃቸው ነው።

አርብ

የቀሰቀሰኝ የአማቴ ድምፅ ነው። በራችን ላይ ቆመው ውሃ ለሚቀዱት ሴቶች የሆነውን እያወሩ ነው። ከአውቶብሱ ነው የጀመሩት። ፍየሏ ገና አላለቀችም። አንገታቸውና ክንዳቸው በቅባቱ ሮዝ ሆኗል።

ኬሚስት ቤት ሄጄ ቢጫዎቹን መለስኩ። ሻጩ ዕድሜያቸውን ሲሰማ "ፖሌ" አለ፣ ይቅርታ ማለቱ ነው። እንቅልፍ የማያመጣ ዓይነት ከፈለግን ከናይሮቢ ያስመጣል። አማቴ ቅባቱ ይበቃኛል ብለዋል። የቅባቱንም ጠርሙስ ከሥር ያለውን ትንሽ ጽሑፍ አስነበቡኝ፣ እስከ መጨረሻው።

ልጅቷን ግን አላነሱም። አጠገቧ ተቀምጠው ጣቷን ብቻ ይዘዋል።

ቅዳሜ

ሱቁ ተከፈተ። አለም ስትወጣ ሕፃኗን አንስታ እናቷ እቅፍ ውስጥ አደረገቻት። አማቴ መጀመሪያ እንደ እንቁላል ያዟት። ረፋዱ ላይ እየዘፈኑላት ነበር። እኔ በየደቂቃው ቀና እያልኩ አያለሁ። አዩኝ። "ሥራህን ሥራ፣ ነቅቻለሁ" አሉ።

ሽፍታው ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ብርድ ልብሱን አጥበን አስጥተነዋል፤ እሱ ይሁን አቧራው ገና አልታወቀም።

እራት ላይ አማቴ ሳህናቸውን እያዩ "ሁለት ሳምንት ብዬ ነበር የመጣሁት። እስከ ፋሲካ ብቆይስ?" አሉ። አለም ወደ እኔ ዞረች።

"ይቆዩ እማማ" አልኩ። አሁን ስጽፈው ራሴን ጠየቅሁ። ከልቤ ነው ያልኩት።